በኪሎ የሚመዘን ፊደል

ነይ ግቢ አትጠገብዬ፣ ግቢ! አማን ነሽ ወይ? ልጆቹስ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? አልሃምዱሊላህ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ምን ችግር አለው፤ ዛሬ የቧንቧ ውሃ ሰፈርን ጭቃ ይዞ ያልገባ ደንበኛ የለኝም። ጉሙም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል... የደሴ ብርድ እንኳ እንደ ሰዉ ነው፤ ከመጣ ቁጭ ብሎ ማውራት ይወዳል። በዚያ በኩል ተቀመጪ። መርፌ እንዳይወጋሽ ብቻ እያየሽ፤ ልብስ ሰፊ ቤት መርፌ የማይገኝበት ቦታ የለም።

እስቲ ጨርቁን ልየው። ያ ረቢ! ይሄ እኮ ሲነኩት ያልቃል! ጥልፉስ! ከአዲስ አበባ ነው? ወንድምሽ ነው የላከልሽ? ማሻአላህ። በፖስታ ነው የላከው?... አይ፣ ምን አስቸግሮት፣ በመኪናው ነው እንጂ። ፖስታማ ተወዷል አሉ። ማን እንዳስወደደው እንጃ...

ለቅዳሜው የወንድምሽ የምስጋና በዓል ነው አይደል? ሰምቻለሁ፤ ያልሰማስ ማን አለ? ፎቶውን በየመብራቱ እንጨት ሰቅለውት የለ፤ «የሕዝብ ልጅ፣ እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ» ይላል። እኔ ሱቅ ፊት ያለውን ግን ዝናቡ አፉ አካባቢ ልጦት አየሁና አዘንኩ፤ ወላሂ አዘንኩ። ያን የመሰለ አፍ!

በይ ቁሚ ልክሽን ልውሰድ። የቤታችሁን ልክ ደሴ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ሜትር አይዋሽም። ክንድሽን አንሺ... አቤት! ሳልጨርስ አነሳሽው! በዘራችሁ ነው መሰለኝ እጅ ማንሳት። አውርጂው፣ አውርጂው እህቴ፤ እዚህ የሚቆጥር የለም።

ስቄ ነው፣ አትቀየሚኝ። ስለ ወንድምሽ ክፉ የሚያወራ ሰው እዚህ ሱቅ ቢገባ በመቀስ ነው የማባርረው። እኔማ እንኳን ላማው፣ ስሙን እንኳ አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ስም ከአፍ ሲወጣ ያልቃል ብዬ እሰስትለታለሁ። ደግሞ የእኔን ወንድም፣ ሙንዚርን፣ እንደሱ ያከበረው ማን አለ? አንቺም እዚያው አዳራሽ ነበርሽ እኮ፣ አምና፣ ስለ ፖስታው ሕግ ሕዝብ ይወያይ የተባለ ጊዜ።

የፊቱን ሕግ መቼም ታስታውሺዋለሽ። ሙንዚር ኮምቦልቻ ላይ እንደሱ ዓይናቸው የማያይ ልጆችን ያስተምራል፤ መጽሐፎቻቸው በብሬል ናቸው፤ ቀለም የላቸው፣ ወረቀቱ ላይ ብቅ ብቅ ያለ ነጥብ ብቻ፣ በጣት የሚነበብ። ከአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት በፖስታ ነበር የሚመጡለት። ሌላው ልጅ በብብቱ ሸጉጦ የሚሄዳት የባዮሎጂ መጽሐፍ በብሬል ስትሆን በብዙ ጥራዝ ተከፋፍላ፣ እንደ ስንዴ ጆንያ ለሁለት ሰው ነው የምትወርደው። ታዲያ የድሮ ሰዎች የዋህ ነበሩ መሰለኝ፣ «ለዓይነ ስውር የሚላክ የብሬል መጽሐፍ ነፃ ነው» ብለው ሕጉ ውስጥ አስገብተውት ነበር። ቴምብር የለ፣ ሚዛን የለ። ሞኝነት አይደለም? አሁን ሰው ነቃ። አዲሱ ረቂቅ ምን አለ? «ዋጋውን አገልግሎት ሰጪው ራሱ ይተምነው፤ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ምክር ቤት ድረስ መመላለስ ይቅር፤ ጥቅል ሁሉ እንደ ክብደቱ ይክፈል፤ ይህን የሚቆጣጠር ቦርድ ይቋቋም» አለ። ነፃ የምትለዋ ቃልስ? እሷማ የት እንደሄደች እንጃ። ቃልም እንደ ሰው ይሰደዳል መሰለኝ፣ ዓረብ አገር ትሆናለች።

ረቂቁን ይዞ የመጣው ማን ነው? የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ! ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አልናገርም። ሙንዚር በዱላው መንገዱን እየዳበሰ ተነሳ። «ክቡር ሆይ፣ ረቂቁን አስነብቤ ሰምቼዋለሁ። የብሬል መጽሐፍ ነፃ ነው የምትለዋ መስመር የለችም። ሳታስቡት ወጥታ ከሆነ መልሱልን። የእኛ ልጆች ፊደል ይከብዳል፤ መክበዱ ግን ጥፋታቸው አይደለም» አለ።

ወንድምሽ ታዲያ ምን አደረገ? ያን ሁሉ ወንበር ጥሶ ከመድረክ ወረደና አቀፈው! «ወንድሜ ሙንዚር፣ እኛ ነን የማናየው፤ የእኛ ዓይን አንተ ነህ!» አለ። እንባውን በመሐረብ ጠረገ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ?... ካሜራ ካለማ ጭራሽ አይገድም።

ከዚያ ፎቶ አንሺው መጣ። ሙንዚር ካሜራው የት እንዳለ በምን ይወቅ? ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ቆመ። ወንድምሽ ቀስ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ አገጩን ይዞ፣ ወደ ካሜራው አዞረለት። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! እኔ እንዲያ ሲደረግ አይቼ የማውቀው በግ ገበያ ብቻ ነው... ጥርስ ሲያዩ።

«አደራ» አለው ሙንዚር። «አደራህን ተቀብያለሁ» አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም እስኪያልበኝ አጨብጭቤያለሁ።

ዙሪ እስቲ፣ ትከሻሽን ልለካ። ሰፊ ነው፣ ብዙ ይሸከማል። ገበሩን ምን ላድርግልሽ? ፊቱ እንዲህ የሚያበራ ልብስ ገበሩ ሻካራ ከሆነ የሚያሳክከው ባለቤቱን ነው፤ ሌላ ሰውማ በምን ያውቃል? ውጭ ውጭውን አይቶ «ሲያምር!» ይላል። በሰውም እንደዚያ ነው... ማለቴ፣ በጨርቅ።

ሕጉ የጸደቀ ቀን ደግሞ፣ አስታወስሽ? እናንተ ሳሎን ተሰብስበን በቴሌቪዥን አየን። እኔንና ሙንዚርንም ጠርታችሁን፣ የክብር ቦታ ሰጥታችሁን። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ሲሉ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሙንዚር እጄን ጭብጥ አደረገኝ። «ከይሪያ፣ ምን ሆነ? ለየቱ ነው ያነሳው?» አለኝ። ድምፅ መስጠት ይሉታል እንጂ፣ እጅ ሲነሳ ድምፅ የለውም እኮ! ለዓይነ ስውር ማን ይንገረው? «ከሚደግፉት ነው ከሚቃወሙት?» አለኝ ደግሞ። «ከሁሉም ቀድሞ ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? መቼም ወንድምሽ ሰነፍ አይደለም፤ የሌሎቹ እጅ ገና ከጠረጴዛ ሳይላቀቅ የእሱ ጣራ ነክቷል።

ሙንዚር ከልጅነቱ እናንተ ቤት ነው የዋለ። የእናትሽን ጓዳ ሳይቀር፣ ደረጃውን፣ በሩን፣ የውሻውን ማሰሪያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከወንድምሽ ጋር እዚያው ተፋቅረው እዚያው ተደባድበው ነው ያደጉ። ተሰናክሎ አያውቅም። የዚያን ቀን ሲወጣ ግን ደፉ አደናቅፎት በግንባሩ ወደቀ። ዱላውን ያነሳሽለት አንቺ ነበርሽ። ይሄን አልረሳሁም፣ አትጠገብ። ደሙንም በነጠላሽ ጠረግሽለት። አንቺን አላህ ያክብርሽ፤ ይሄን ያለ አሽሙር ነው የምልሽ።

ቤት ስንደርስ «ምናልባት የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አልነገሩት ይሆናል» አለኝ። ለወንድምሽ ምክንያት ሲፈልግለት! ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ አበው፤ እኛ ያበደርነው ድምፅ ነው። ጠጠርም አልጠየቅን፤ የጠየቅነው ነጥብ ነው፣ ወረቀት ላይ ያለች ነጥብ። ብዙ ሆነችበት መሰለኝ።

ሳይቆይ ቦርዱ ተቋቋመ። የፖስታ ዋጋ የሚቆጣጠር፣ የሕዝብ አቤቱታ የሚሰማ ቦርድ። ማን ገባበት? ያው ሰብሳቢው፣ በኮሚቴው ውስጥ ስለዚያች መስመር አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ሰው! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ዝም ይሾማል እላለሁ። ሕጉን የሚያወጣ እሱ፣ ዋጋውን የሚጠብቅ እሱ፣ አቤቱታውን የሚሰማ እሱ! እንዲህ ያለ ታታሪ ሰው ከየት ይገኛል? ድካሙ ያሳዝነኛል፤ ራሱን በራሱ ሲቆጣጠር እንቅልፍ አይወስደውም ይሆናል።

ሙንዚር ይሄኔም ተስፋ አልቆረጠም። ለቦርዱ አቤቱታ ጻፈ፣ በሚያውቀው ፊደል፣ በብሬል። «የማይነበብ» ብለው መለሱለት። እውነታቸውን ነው! በአገራችን ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ ነው፤ ነገር በብሬል አምጣ ያለው ማን ነው? ቀጥሎ እኔ በእስክሪፕቶ ጻፍኩለት። ይሄስ ተነበበ መሰለኝ፤ መልሱ ግን አልመጣም። ፖስታ ተወዶ ይሆናል።

ትንሽ ዘወር በይ... እንዲያ። ዋጋውን ነው የምትጠይቂኝ? ተዪ እባክሽ፣ እኔ በኪሎ አላስከፍልም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥቅል ኮምቦልቻ ላይ ሚዛን ወጣ። የሚመዝነው ሰው ራሱ አፍሮ አቀርቅሮ ነው አሉ ዋጋውን የነገራቸው። ትምህርት ቤቱ አይችል፣ ሙንዚር አይችል፤ ጥቅሉ እንደመጣ ሳይፈታ ተመለሰ። ልጆቹ ያሉትን አሮጌ መጽሐፎች መደጋገም ጀመሩ። ብዙ ጣት ሲመላለስበት ነጥቡ ይተኛል። ረውዳ የምትባለዋ፣ ያቺ ከደጋን የመጣችው የገበሬ ልጅ፣ ለመልቀቂያ ፈተና የምትዘጋጀው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ገጽ ራሰ በራ ሆነ» ትለው ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ። እሱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ብቻውን ይቆማል። አባቷ መጥቶ «እንግዲህ መጽሐፍ ከሌለ ልጄን ልውሰዳት» ብሎ ዕቃዋን አስሮ ነበር፤ ሙንዚር ለምኖ ነው ያስቀራት። «በምን ልታስተምራት?» ሲለው «አላህ ያውቃል» አለው። አላህ ነው እንጂ ማን ያውቃል? የሚያውቁትማ ቦርድ ላይ ነበሩ።

ጎረቤታችን ቀለሙ፣ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረው፣ ይሄን ሰማ። «በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ስመለስ ጋቢናዬ ውስጥ ሬዲዮ ብቻ ነው አብሮኝ የሚመጣ። ለመጽሐፍ ቦታ አጣለሁ?» አለ። አየሽልኝ፣ ቀለም የሌለውን መጽሐፍ ቀለሙ አመጣው! አንድ ጊዜ አመጣ፣ ሁለተኛም አመጣ። ልጆቹ የመኪናውን ጥሩምባ ከሩቅ ለይተው እየተጋፉ ይወጡ ነበር። ለካ ሕጉ ለቀለሙም ቦታ አልነፈገውም፤ «ያለ ፈቃድ የፖስታ ጥቅል ያጓጓዘ ይቀጣል» የምትል መስመር ነበረችው። ያቺ አልተረሳችም! ነፃ የምትለዋን ቢፈልጓት ጠፋች፣ ይቀጣል የምትለዋ ግን ሳትፈለግ ተገኘች።

ሐርቡ ኬላ ላይ አስቆሙት። ተቆጣጣሪው ጥቅሉን ፈታው፤ ነጭ ወረቀት። ገለጠ፤ ነጭ። ደግሞ ገለጠ፤ ነጭ። «ይሄ ነጥብ ምንድን ነው? የምስጢር ጽሑፍ ነው?» አለው። «መጽሐፍ ነው ጌታዬ።» «መጽሐፍ ከሆነ አንብበው እስቲ!» ቀለሙ የት አውቆት! መኪናውንም እሱንም አቆሟቸው።

ሲደወልልን እኔ፣ ሙንዚርና ረውዳ በሚኒባስ ሄድን። ፀሐዩ የሐርቡ ፀሐይ ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ አናት ይበሳል። ሰው ተሰብስቧል። ረውዳ አልፈራችም። መጽሐፉን የመኪናው መከላከያ ላይ ዘርግታ ጣቷን አስኬደች። «ብርሃን በዓይን ብሌን በኩል ያልፋል...» ስትል ድምጿ ጥርት ያለ። የባዮሎጂው ነበር እኮ፣ ስለ ዓይን የሚለው! ብርሃን አይታ የማታውቅ ልጅ፣ ዓይን እንዴት እንደሚያይ ለሚያዩት ሁሉ መንገድ ዳር ቆማ አነበበችላቸው። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ የሳቀ የለም። ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን አወለቀና «ይብቃ እህቴ። ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አላት።

ያ ሰው ሕግ አላወጣም፣ ቦርድ ላይ አልተቀመጠም፤ ፎቶም አልተነሳም። ምስኪን! እንዲህ እያደረገ መቼ ያድጋል?

ቀለሙ ግን ከቅጣት አልዳነም። መንጃ ፈቃዱን ያዙበት፤ ባለመኪናውም «እኔ ነገር የሚያመጣ ሾፌር አልፈልግም» ብሎ አሰናበተው። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ የዱቄት ከረጢት ይጭናል። ባለፈው አግኝቼው ሳዝንለት ምን ይለኛል? «አብሽሪ እትዬ ከይሪያ፣ ዱቄት ቀላል ነው። ፊደል ነው የሚከብደው።» ይስቃል ደግሞ። ሚስቱ ግን አትስቅም።

ወጋሁሽ እንዴ? ምነው ደነገጥሽ? መርፌው ጨርቁን ነው የነካው፣ አንቺን አይደለም። ጨርቅ ይወጋል እንጂ አያመውም... ቆዳው ወፍራም ነው።

ያም ሆነ ይህ ረውዳ ተፈተነች፣ አለፈችም። ያውም እንዴት ያለ ማለፍ! አባቷ የሰማ ዕለት ደጋን ላይ ሰደቃ አወጣ፤ ሙንዚር እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ያለ ካሜራ። ወንድምሽም ደስታችንን ተካፈለ፤ እግዜር ይስጠው። ያንኑ የአዳራሹን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አወጣና የረውዳን ፎቶ ከጎኑ አድርጎ «የልፋታችን ፍሬ» ብሎ ጻፈ። «የልፋቴ» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? «ልፋታችን» ብሎ እኛንም አስገባን። ትሑት ነው። ደግሞስ አልለፋም? እጅን እስከዚያ ድረስ መስቀል እኮ ትከሻ ያደክማል።

ቅዳሜ የምስጋናውን ንግግር ረውዳ እንደምታደርግ ነገሩሽ? አዎ፣ እሷ ናት የተመረጠችው። ሙንዚር «ካልፈለግሽ ቅሪ» አላት። እኔም እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ኧረ እናገራለሁ፣ ጋሼ» አለች። የዝግጅቱ ሰዎች ጠንቃቆች ናቸው፤ «ንግግሩን አስቀድመን ካላየነው አይሆንም» አሏት። እሺ ብላ ሰጠቻቸው። ቁልጭ ያለ ነጭ ወረቀት፣ ከዳር እስከ ዳር ነጥብ። ገለበጡት፣ ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ እርስ በርስ ተያዩ። እንግዲህ አለማንበብን ማን ደፍሮ ያምናል? አለቃቸው ጉሮሮውን ጠረገና «በጣም ጥሩ ነው፣ ልብ ይነካል» ብሎ ማኅተም መታበት! ወላሂ መታበት! ሁለት ፊደል ተጨፍልቆባታል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ምን እንደሚል ነው? እኔ በየት አውቄው? እኔ ማየት እንጂ መንካት አልተማርኩም። ሙንዚር ግን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ሲጨርስ ሳቀ። ቤቱ እስኪሞላ ሳቀ። ሕጉ ከጸደቀ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ውሸት አለበት ወይ?» ስለው «አንድም የለበትም» አለኝ። እንግዲህ ውሸት ከሌለበት ወንድምሽን ምን ያስፈራዋል?... እውነትን የሚፈራ ሰው ደግሞ እናንተ ቤት አልበቀለም።

ቢቀርስ? ኧረ ለምን ይቀራል? ያ ሁሉ ፎቶ ተሰቅሎ! ቴሌቪዥኑ ይመጣል፣ ረውዳ ትመጣለች፣ ቀለሙንም ጠርተነዋል፤ ከፊት ወንበር እንዲያዝለት አድርጊ፣ አደራ። የአንቺ ቀሚስ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደርሳል። ደረቱ ጋ ትንሽ ላቅ አድርጌ ነው የምሰፋልሽ፤ ቅዳሜ በረጅሙ መተንፈስ ያስፈልግሽ ይሆናል።

በይ ደህና ዋይ አትጠገብዬ። አጥሩን ይዘሽ ሂጂ፣ መሃሉ ያንሸራትታል። ለወንድምሽም ዱአዬን አድርሺልኝ። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት በይው። አጭር ዕድሜ ለጠላቱ! ፀጉሩ ጥጥ እስኪመስል፣ ጉልበቱ ምርኩዝ እስኪሻ፣ ዓይኑ ደክሞ የልጅ ልጆቹን ፊት በጣቱ ዳብሶ እስኪለይ ያኑርልን። ያን ጊዜ ደግሞ፣ የሚያስፈልገውን ለመጠየቅ በሰው መሃል ሲቆም... አሚን በይ እንጂ አትጠገብዬ፣ ዱአ እኮ ነው!... ያን ጊዜ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ እንደራሴ አያሳጣው።